ከአርባው ማግስት የሚመጣው

መምህር ገብረሰንበት ሲናደድ አይጮህም፤ ጆሮው ነው የሚቀላው። ፍኖተ ሰላም ላይ ሠላሳ አንድ ዓመት ታሪክ ስላስተማረ ይህን የማያውቅ ተማሪ አልነበረም። ጆሮው ቀላ ማለት ክፍሉ ጸጥ አለ ማለት ነበር። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ግን ጆሮውን አይቶ ጸጥ የሚልለት ሰው የለም፤ ስለዚህ ንዴቱን ይዞት ይውላል፣ ይዞት ያድራል።

የአሁኑ ንዴት የጀመረው ቡሬ ነው። ባለፈው ዓመት ጥር ላይ ለወንድሙ ልጅ ሠርግ ሄዶ፣ ከመናኸሪያው ዝቅ ብሎ ካለ አንድ የባህል ዕቃ መሸጫ ግድግዳ ላይ በመስታወት የተሸፈነ ሥዕል አየ። ቅዱስ ጊዮርጊስ ነው። ፈረሱ ነጭ፣ ዘንዶው ቢጫ፣ ዳሩ በምላጭ የተቆረጠ ብራና። ሌላ ሰው ቢሆን አማትቦ ያልፍ ነበር። ገብረሰንበት ግን ያንን ዘንዶ ያውቀዋል። ሠዓሊው ቀለም አልቆበት ይሁን ወይ እንዲያው ደስ ብሎት፣ ዘንዶ በቢጫ የተሣለበት መጽሐፍ እሱ እስከሚያውቀው ድረስ በጃቢ ጠህናን ወረዳ አንድ ቤት ብቻ ነበር። የቤቱ ባለቤት ከሞቱ ገና ዓመት አልሞላቸውም።

ባለሱቁ፣ ድረስ የሚባለው፣ የገብረሰንበት ተማሪ ነበር፤ ያውም የእጅ ጽሑፉ የሚያምር፣ ጥያቄ የማያልቅበት፣ ከኋላ እየተከተለ ደብተር የሚሸከምለት ተማሪ። አስተማሪውን ሲያይ ከወንበሩ ተነስቶ ጉልበት ሊስም አጎነበሰ። ለስላሳ አስመጣ። ሥዕሉን ከየት አመጣኸው ሲባል «ሰዎች ይሸጡልኛል፣ መምህር፤ እኔ ካልገዛሁት አይጥ ይበላው የለም?» አለ። ገብረሰንበት ለስላሳውን ሳይነካው ወጣ።

ከዚያ ወዲያ ሥራዬ ብሎ ተከታተለው። የድረስ ዘዴ ቀላል ነው። በዚህ አገር ሰው ሲሞት የአርባው ተዝካር እስኪወጣ ድረስ ንብረቱን የሚነካ የለም። በማግስቱ ግን ሽማግሌ ይቀመጣል፣ ወራሾች ይካፈላሉ። ከብቱና እህሉ ይከፋፈላል፤ ልብስና መኝታው ለንስሐ አባቱ ይሄዳል። ለወራሾች ሊከፋፈል የማይችል ነገር፣ ምጣዱም፣ ሣጥኑም፣ ቀንበሩም፣ ግቢ ውስጥ ይደረደርና ለጎረቤት ይሸጣል። ድረስ ያን ዕለት ነው የሚመጣው። ለማያውቁት ሰው ሐዘን ነጭ ጋቢ ለብሶ ይመጣል፣ እግዜር ያጥናችሁ ይላል፣ ዕንባም አያጣም። ከዚያ የአያት ጋሻ በበግ ዋጋ፣ የቀንድ ዋንጫ በሁለት ኪሎ ስኳር ዋጋ ይዞ ይሄዳል። ገብረሰንበትን የሚያበግነው ግን አንድ ያልገባው ነገር ነበር። ሰውዬው አንድም ቀን ባዶ ቤት ሄዶ አያውቅም። ዕቃ ያለበትን ቤት ከሌለበት የሚለይበት አፍንጫ ያለው ይመስላል።

ግንቦት ላይ አያ መልካሙ ሞቱ።

አያ መልካሙ ከጅጋ ወደ ውስጥ የአንድ ሰዓት ተኩል የእግር መንገድ ላይ የሚኖሩ ገበሬ ነበሩ። ቤታቸው ውስጥ ከቅድመ አያታቸው የወረሱት የብራና ዳዊት አለ። ሥዕል የለበትም፤ ሽፋኑም አንዱ ጎኑ ተሰንጥቆ በጅማት የተሰፋ ነው። ነገር ግን ከመዝሙሩ ኋላ አራት ቅጠል ትርፍ አለው። እዚያ ላይ አገሩን መጀመሪያ ያቀኑት ሰዎች ስም፣ ማን ከማን እንደተወለደ፣ የትኛው ማሳ ለደብሩ እንደተሰጠ፣ የክፉ ቀን ዓመታትና በዚያ ያለቀው ሰው ቁጥር ተጽፏል። ገብረሰንበት ያችን ጽሑፍ አንድ ጊዜ፣ ከሃያ ዓመት በፊት አንብቧታል። በሌላ በምንም ወረቀት ላይ የለችም። በድረስ እጅ ከገባች ምላጭ ያገኛታል፤ አራቱ ቅጠል ለአራት ሰው ይሸጣል፣ ያ ሁሉ ሰው ዳግመኛ ይሞታል።

«ይቺን አይወስዳትም» አለ ገብረሰንበት፣ ብቻውን፣ ቤቱ ውስጥ። አሥራ ሁለት ሺህ ብር ከቁጠባው አወጣ። ገዝቶ ለደብሩ ዕቃ ቤት ሊያስረክባት ነው።

በአርባው ማግስት ማለዳ ግቢው ደረሰ። ትልቁን ልጅ ምናለን አገኘው። ምናለ ቡሬ ላይ እህል የሚነግድ፣ ሂሳብ በጣቱ ሳይሆን በዓይኑ የሚቆጥር ሰው ነው። ሽማግሌዎቹ እስኪሰበሰቡ ሁለቱ ከባሕር ዛፉ ሥር ግንድ ላይ ሁለት ሰዓት ያህል ተቀመጡ። ስለ ዝናቡ አወሩ። ስለ ማዳበሪያ አወሩ። መንገዱ ተዘግቶ ስለከረመባቸው ወራት አወሩ። ገብረሰንበት ስለ ዳዊቷ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ዋጋዋን ብነግረው ይህ ነጋዴ አሥራ ሁለት ሺህ አይበቃኝም ይላል ብሎ ፈራ። ሲሸጥ ዝም ብዬ «ይቺን አሮጌ መጽሐፍ ለእኔ» እላለሁ፣ በአንድ ሺህ ትገኛለች ብሎ አሰበ። እንዲያውም በልቡ ትንሽ ደስ ብሎታል። ያን ደስታ ኋላ ሲያስታውሰው ራሱን በጥፊ ቢመታው ወደደ።

አራት ሰዓት ላይ ዕቃው ወጣ። ዳዊቷ በቆዳ ማኅደሯ ውስጥ እንዳለች ከአንድ የተሰበረ በርጩማና ከአያ መልካሙ ራዲዮ ጋር ሰሌን ላይ ተቀመጠች። ባለቤታቸው እትዬ እታለም ደጃፉ ላይ ጥቁር ለብሰው ተቀምጠዋል፤ ዕቃውን ሳይሆን መሬቱን ነው የሚያዩት። ያን ጊዜ ነው ድረስ በነጭ ጋቢው የገባው። የሽማግሌዎቹን ጉልበት ሳመ፣ እትዬ እታለም ፊት ተንበርክኮ አለቀሰ፣ ለገብረሰንበትም ዝቅ ብሎ እጅ ነሣ።

ጨረታው ተጀመረ። ምጣዱ ለጎረቤት፣ ቀንበሩ ለአማቹ ሄደ። ራዲዮው ተነሣ። ባትሪ ከገባበት አምስት ዓመት ያለፈው፣ ድምፅ የሌለው ራዲዮ ነው። አንዱ ለቀልድ «መቶ ብር» አለ።

«ሦስት ሺህ» አለ ድረስ።

ግቢው ሳቀ። ምናለ ግን አልሳቀም፤ ዓይኑ በራ። «አባባ ይህን ራዲዮ ይወዱት ነበር ሲባል ሰማሁ፤ ለመታሰቢያ ነው» አለ ድረስ፣ ብሩን ሽማግሌዎቹ ፊት እየዘረጋ። ከዚያ እንደ ቀላል ነገር አንገቱን ዘንበል አደረገ። «ይህን ያህል ከፍዬ ያለ ምርቃት ትሰዱኛላችሁ? ያቺን ማኅደር ከነያዘችው ጨምሩልኝና ልሂድ።»

«ውሰዳት» አለ ምናለ።

ገብረሰንበት ብድግ አለ። ጆሮው እስከ አንገቱ ቀልቷል። «ቆይ፤ እሷን እኔ እገዛታለሁ። አሥራ ሁለት ሺህ ብር ይዣለሁ።»

ሁሉም ዞረው አዩት። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጭራቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳረፉና «መምህር፣ ቃል ወጥቷል። ሽማግሌ ፊት በምርቃት የተሰጠ ነገር አይመለስም። ይህን እርስዎም ያውቁታል» አሉ። ያውቀዋል። የሙት ዕቃ ላይ የተሰጠ ምርቃት ለሟቹ ነፍስ እንደተሰጠ ይቆጠራል፤ መልሱ ማለት ነውር ነው። ድረስም ያውቀዋል፤ ለዚህ ነው እንዲህ ያለ ውድ ነገር ሲገጥመው ሳይገዛ በምርቃት የሚወስደው።

«የአገራችሁ ስም ያለባት መጽሐፍ ናት» አለ ገብረሰንበት። «የአያቶቻችሁ ስም ነው። ይቆራርጣታል።»

ምናለ ቀስ ብሎ ተጠጋው። «ጠዋት ሁለት ሰዓት ሙሉ ከእኔ ጋር ተቀምጠዋል። ስለ ዝናብ ነገሩኝ። ይህን ለምን አልነገሩኝም?»

ገብረሰንበት ወደ ግቢው በር ዞረ። ድረስ ማኅደሯን አንግቶ፣ ራዲዮውን በብብቱ ይዞ ከግቢው ወጥቷል።

ገብረሰንበት ተከተለው። ስድሳ ሦስት ዓመቱ ነው፣ ጉልበቱም አንዱ ያመዋል፤ ግን ንዴት እግር ይሆናል። የመጣበት ባጃጅ በጭቃው ምክንያት አስፋልት ዳር ስለቆመ ድረስም በእግሩ ነው የሚሄደው። ሩብ ሰዓት ከሄደ በኋላ ገብረሰንበት ቦይ ውስጥ የወደቀ ነገር አየ። ራዲዮው ነበር። ሦስት ሺህ ብር የተከፈለበት፣ ለመታሰቢያ የተገዛው የአያ መልካሙ ራዲዮ በአፍጢሙ ጭቃ ውስጥ ተተክሏል። አንቴናው ተጣሟል። ገብረሰንበት ጎንበስ ብሎ አወጣው፣ በኮቱ እጅጌ ጠረገው፣ ታቅፎት ሄደ።

አስፋልቱ ላይ ደረሰበት። ድረስ ባጃጁ ውስጥ ተቀምጦ፣ ጋቢውን አጣጥፎ ጎኑ አስቀምጦ፣ ስልኩን እየነካካ ነበር።

«ሌባ» አለው ገብረሰንበት።

«ሌባ የሚባለው ሳያስፈቅድ የወሰደ ነው፣ መምህር። እኔ ባለቤቱ ውሰዳት ብሎኝ ነው።»

«የሰው ሞት እየጠበቅህ ትዞራለህ። ጥንብ አንሣ እንኳ ጋቢ ለብሶ አያለቅስም። እኔ ነኝ ያስተማርሁህ ብዬ ለማውራት አፍራለሁ።»

ድረስ ይህን ሲሰማ ስልኩን አስቀመጠ። የተናደደ አይመስልም፤ እንዲያውም ያዘነ ይመስላል፤ ገብረሰንበትን ይበልጥ ያቃጠለው ይህ ነው። ከመቀመጫው ሥር ከላስቲክ ከረጢት ውስጥ ሰማያዊ ሽፋን ያለው ወፍራም መዝገብ አወጣና ዘረጋለት። «እኔስ ዘወትር ስለ እርስዎ እንዳወራሁ ነው» አለ። «ያለ እርስዎ ይህን ሥራ አልጀምረውም ነበር።»

ገብረሰንበት መዝገቡን አወቀው። በ1997 ዓ.ም. የትምህርት ቤቱን የታሪክ ክበብ ሲመራ ነው የጀመረው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከተማሪዎቹ ጋር በየገጠሩ እየዞረ የቆየ ዕቃ ያለበትን ቤት ሁሉ ጻፈ። አርባ ስድስት ቤት። ሰዎቹ መጀመሪያ ምንም የለንም ይሉ ነበር። እሱ ግን መምህር ነው፤ ይቀመጣል፣ ይጫወታል፣ ይለምናል፤ በመጨረሻ ያወጡለታል። የባለቤቱን ስም ጻፈ፣ የዕቃውን ዓይነት ጻፈ፣ የተቀመጠበትን ቦታ እንኳ ሳይቀር ጻፈ፤ «ከአልጋው ራስጌ፣ ከቀርከሃው ቆጥ ላይ»፣ «ጎተራው ሥር፣ በማሰሮ»። ያን ጊዜ ሥራው እጅግ የተሟላ መስሎት ነበር። ድረስ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሲጨርስ መዝገቡን በሽልማት ሰጠው። የመጀመሪያው ገጽ ላይ የራሱ የእጅ ጽሑፍ ዛሬም አለ፦ «ለምወድህ ተማሪዬ ለድረስ። ይህን አደራ እልሃለሁ። ተከታተለው።»

ድረስ ተከታትሎታል። ገብረሰንበት ገጹን ገለጠ። አሥራ ሰባት ቤት በቀይ ተሰርዟል። ያልተሰረዙት ጎን በዚያ በሚያምር የእጅ ጽሑፍ አጫጭር ማስታወሻ አለ። «ሳል ጀምሯቸዋል።» «ሰማንያ አልፏቸዋል፣ ልጆቹ አዲስ አበባ።» «ከአልጋ አይነሡም፤ ከመስቀል በፊት።» በአያ መልካሙ ስም ጎን የአርባቸው ቀን ተጽፏል፤ ስማቸውም ዛሬ በቀይ ተሰርዟል።

ገብረሰንበት መዝገቡን ዘጋው። ድረስን በመዝገቡ ፊቱን ሊለው ነበር የፈለገው። ያን ሁሉ ስም፣ ያን ሁሉ «ከአልጋው ራስጌ» የጻፈው እጅ ግን የራሱ ነው።

«ዳዊቷን ስጠኝ። አሥራ ሁለት ሺውን ውሰድ።»

«እሷስ ገዢ አላት፣ መምህር። ፎቶዋን ልኬ ተስማምተናል። ለእርስዎ ስል ግን» አለና ድረስ መዝገቡን ወደ እሱ ገፋው፣ «ይህን ይውሰዱት። እኔ ሁሉንም ገጽ ስልኬ ላይ አንስቼዋለሁ።»

ባጃጁ ወደ ቡሬ ሄደ። ገብረሰንበት በአንድ እጁ ራዲዮ፣ በአንድ እጁ መዝገብ ይዞ አስፋልት ዳር ቆሞ ቀረ። የሚሰድበው ሰው አለቀበት። ጆሮው ግን ቀልቶ እንደቀረ ነው፤ አሁን የሚያቀላው ሌላ ሰው አልነበረም።

ወደ ቤቱ ሊሄድ ይችል ነበር። ተመልሶ ወደ አያ መልካሙ ግቢ ወጣ። ሰዉ ተበትኗል፣ ሰሌኑ ተጠቅልሏል። እትዬ እታለም እዚያው ደጃፉ ላይ ናቸው። ራዲዮውን ፊታቸው አስቀመጠ፣ መዝገቡን ገልጦ ሁሉንም ነገራቸው። የጻፈው እሱ እንደሆነ፣ የሰጠውም እሱ እንደሆነ፣ ጠዋትም ዝም ያለው በርካሽ ለማግኘት እንደሆነ። አንዱንም አላስቀረም።

እትዬ እታለም ራዲዮውን ወደ ጉልበታቸው ሳቡት። በነጠላቸው ጫፍ የራዲዮውን ጭቃ ያብሳሉ።

«ጣሊያን ሲመጣ ዳዊቷን የባለቤቴ አያት ቀፎ ውስጥ ከተቷት» አሉ በመጨረሻ። «ንቡ ሲናደፍ ማንም አልነካት። በደርግ ጊዜ ደግሞ አማቴ እህል ሥር ቀበሯት። እኔ እዚህ ቤት ስገባ ሰባት ዓመት ሙሉ መኖሯን አልነገሩኝም። ለሚስት እንኳ አልነገሩም።» ቀና ብለው አዩት። «ለእርስዎ ግን አወጣናት። መምህር ናቸው ብለን። ሌባ መጥቶ አይዶለም የወሰዳት፣ እኛ ራሳችን ነን ያሳየናት።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እትዬ እታለም።»

«የቀሩት ስንት ቤት ናቸው?»

«ሃያ ዘጠኝ።»

«እንግዲያ እዚህ ምን ያደርጋሉ?» አሉና ራዲዮውን ታቅፈው ወደ ውስጥ ገቡ። ግቡ አላሉትም።

በማግስቱ ሄደ። ከፍኖተ ሰላም የመጀመሪያውን ሚኒባስ ይዞ፣ ከጅጋ በእግሩ። የመጀመሪያው ቤት ሰዎች ሲነግራቸው ደነገጡ፣ አመሰገኑት፣ ጠላ ቀዱለት። ሁለተኛው ቤት ሴትዮዋ ወሬውን ሰምታ ነበር፤ ውሻውን ሳታስር አነጋገረችው። ወሬ በጠዋት ከእሱ ቀድሞ ተነሥቷል። እትዬ እታለም ቤት የነበረ ሰው ለገበያተኛ ነግሮ፣ ገበያተኛው ለመንደሩ ነግሮ፣ እየዞረ መጥቷል፤ ሲደርስ ደግሞ አጥሯል። ዝርዝር የያዘ ሰው አለ፣ የሰው ዕቃ ያለበትን የሚጽፍ፣ ፍኖተ ሰላም የሚኖር ሽማግሌ፣ አስተማሪ ነኝ የሚል።

ሦስተኛው ቤት የአያ ዘርትሁን ነው። ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው። በ1997 ገብረሰንበትን ሦስት ቀን ያስተናገዱት፣ ማር ያበሉት፣ የጥንቱን የገድል መጽሐፍ በራሳቸው እጅ ገልጠው ያሳዩት ሰው ናቸው። መዝገቡ ላይ «ምሰሶው ላይ፣ በማኅደር ተንጠልጥሎ» ይላል። ከጎኑ በድረስ የእጅ ጽሑፍ «ልባቸው ደክሟል» ተብሎ ተጽፏል።

አያ ዘርትሁን በበሩ መቃን ተደግፈው ቆመው ጠበቁት። ከበሩ ፈቀቅ አላሉም።

«እንዴት ዋሉ፣ አያ ዘርትሁን። ገብረሰንበት ነኝ። አወቁኝ?»

«አላወቅሁዎትም።»

«ያን ጊዜ ከተማሪዎች ጋር መጥቼ፣ የገድል መጽሐፍዎን ያሳዩኝ...»

«መጽሐፍ የለንም» አሉ ሽማግሌው። ድምፃቸው ቀጭን ነው፣ ዓይናቸው ግን ከፊቱ ላይ አልተነቀለም። «እኛ ገበሬ ነን። በዚህ ቤት መጽሐፍ ኖሮ አያውቅም። ማን ነው እንዲህ ያለዎት?»

ገብረሰንበት ከትከሻቸው በላይ ወደ ውስጥ አየ። ምሰሶው ይታያል። ማኅደሩ የሚንጠለጠልበት ችካል ባዶ ነው፤ ጭስ ባጠቆረው እንጨት ላይ ማኅደሩ የነበረበት ቦታ ብቻ ነጣ ብሎ ቀርቷል። ትናንት ማታ ወይ ዛሬ ጠዋት ነው የተነሣው።

አፉ ላይ የመጣ ብዙ ነገር ነበር። ሌባው እኔ አይደለሁም ሊል ፈለገ። ማር አብልተውኛል፣ ልጅዎን አስተምሬያለሁ፣ እኔ እኮ ላድናችሁ ነው የመጣሁት ሊል ፈለገ። በድረስ ተናደደ፣ በወሬኛው ተናደደ፣ እኒህን አላወቅሁዎትም የሚሉ ሽማግሌ ሊቆጣ ከጀለ፤ ሁሉም ዞሮ ዞሮ ያችን «ምሰሶው ላይ» ብሎ የጻፈ እጅ ላይ ወደቀ።

«ደግ» አለ። «ለማንም እንዲሁ ይበሉ። ነጭ ጋቢ ለብሶ ጉልበትዎን ለሚስም ሰው እንዲሁ ይበሉ። እኔም ተመልሼ ብመጣ፣ ለምኜ ባለቅስ እንኳ፣ እንዲሁ ይበሉኝ። ችካሉንም ይንቀሉት፤ የነጣውን ቦታ በጭቃ ይምረጉት፤ ያስታውቃል።»

አያ ዘርትሁን ለአፍታ ዞረው ምሰሶውን አዩ። ከዚያ ገብተው በሩን ዘጉት። ከውስጥ ችካሉ በመጥረቢያ ራስ ሲመታ ይሰማል። ገብረሰንበት መዝገቡን ገልጦ ወደ አራተኛው ቤት የሚወስደውን መንገድ አየ።